የሚሊሜትር ልጅ መቀመጫ

ስልኩ አልተዘጋም ነበር። የሴት ልጁ እናት «አንዴ ቆየኝ» ብላ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጠው እሱ በዚህኛው ጫፍ ጆሮው ላይ እንደለጠፈው ቀረ። ከወዲያ የሰሃን ድምፅ መጣ፣ ውሃ ሲንቆረቆር ተሰማ፣ ከዚያ የእናቷ ታላቅ እህት፣ ነርሷ፣ ሰው አይሰማኝም ብላ በሙሉ ድምፅዋ ተናገረች። «የከተማውን ሰው ወንበር ሲያለብስ ይውላል፤ ለገዛ ልጁ ግን መቀመጫ የለውም። እንደ ጆንያ ከኋላ ወርውሮ ሊወስዳት ነው?» ሰውየው እናቷ አንድ ነገር ትላለች ብሎ ጠበቀ። «ኧረ እሱስ እንደዚያ አያደርግም» ብትል ይበቃው ነበር። ምንም አላለችም። ውሃው ተዘጋ። ስልኩን ስታነሳው ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነበር፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንዲመጣ፣ ነገር ግን መኪናው ውስጥ በደንብ የተገጠመ የልጅ መቀመጫ ከሌለ ልጅቷ እንደማትሳፈር ነገረችው። እሺ አለ። እሺታው ብቻውን አልበቃ ብሎት «ገዝቻለሁ እኮ» ብሎ ጨመረበት። አልገዛም።

ሥራው የመኪና ወንበር ልብስ መስፋት ነው። በሠፈሩ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም ሚሊሜትር ነው የሚለው፤ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ፣ በዓይኑ ብቻ ለክቶ ቆዳ ሲቆርጥ ስንዝር ቀርቶ ክር ታህል አይሳሳትም። ከልጅቷ እናት ጋር ተለያይተው፣ የአውቶቡስ ወንበር የሚሰፋበት ፋብሪካ ተቀጥሮ ሌላ ከተማ ከሄደ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖት ነበር። እሁድ እሁድ በስልክ እየተያዩ ያወሩ ነበር፤ ልጅቷ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ የወለቀ ጥርሷን ታሳየዋለች፣ እሱ የፋብሪካውን ድመት ያሳያታል። ከተመለሰ ገና ሳምንቱ ነው። አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ ጥጉ ላይ ትንሽ አልጋ አስገብቶ፣ ለአልጋው ራስጌ በቢጫ ጨርቅ መደገፊያ ሰፍቶለታል። ዛሬ ልጅቷን ወስዶ አመሻሽ ላይ በሰዓቱ ከመለሳት ቅዳሜ ቅዳሜ የእሱ ትሆናለች፤ ከእናቷ ጋር የተስማሙት እንደዚያ ነው። ዛሬ ካልተሳካ ግን ሁለቱ እህትማማቾች እንደገና ይመክራሉ፤ እነሱ ተቀምጠው መክረው ለእሱ የበጀው ቀን ደግሞ ትዝ አይለውም።

አብሮት የሚሠራው ሽማግሌ፣ ሙያውን ያስተማረው ጋሼ፣ ነገሩን ሲሰማ መቀሱን አስቀምጦ ሳቀ። ወንበር ሰፊ ወንበር ሊገዛ ወጣ ቢባል ገበያው ምን ይላል አለው። እዚህ ስፖንጅ ሞልቶ፣ ቆዳ ሞልቶ፣ አንድ ሰዓት የማይፈጅ ነገር። ሚሊሜትርም አላንገራገረም፤ ደስ ብሎት ተነሳ እንጂ። ጠንካራውን ስፖንጅ መርጦ ቆረጠ፣ ጫፉን በምላጭ አለዘበ፣ ከቢጫው ጨርቅ የተረፈውን አለበሰው፣ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ሰፋው። እውነትም አምሮ ነበር። ጋሼ «ይሄን እኔም ብቀመጥበት አልጠላም» አለ። ሚሊሜትር መቀመጫውን ወለሉ ላይ አኑሮ፣ እንደ ልማዱ ሊፈትነው ጉልበቱን ሲጭንበት ስፖንጁ ስምጥ ብሎ ወደ ታች ሄደና ጉልበቱ ሲሚንቶውን ነካ። ጉልበቱን አነሳ፤ ስፖንጁ እንደ ነበረው ተመለሰ። እንደገና ጫነው። ስፖንጅ ሥራው መስጠም ነው፤ ይህን ለሃያ ዓመት ለደንበኛ ሲሸጥ የኖረው እሱ ራሱ ነው። መኪናው ድንገት ፍሬን ቢይዝ ልጅቷ ከነስፖንጁ ወደ ፊት ስትሾልክ፣ ቀበቶውም ወደ አንገቷ ሲወጣ ታየውና መቀመጫውን አንስቶ የጋሼ ወንበር ላይ አኖረለት። ተቀመጥበት አለውና ወጣ።

ያገለገሉ ዕቃዎች በሚሸጡበት መንገድ ዳር፣ ከብስክሌትና ከሕፃን ጋሪ መሃል፣ አንድ የልጅ መቀመጫ ተገትሮ ነበር። ሻጩ ብዙም አልለመነውም፤ ዋጋውን ብቻ ጠራና ወደ ስልኩ ተመለሰ። ዋጋው ልብ ያማልላል። ሚሊሜትር ግን ዓይኑ ቀድሞ ስፌቱ ላይ አረፈ። ልብሱ አዲስ ነው፣ ከሥሩ ያለው ፕላስቲክ ያረጀ። ክሩ የፋብሪካ አይደለም። እንደ እሱ ያለ ሰው ሰፍቶታል፣ እጁም ጥሩ ነው። ገልብጦ ጣቱን በልብሱ ሥር ሲሰድ ፕላስቲኩ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቆ አገኘው። የተጋጨ መኪና አልብሶ ለገበያ ማድረስ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ስለሆነ አልተቆጣም፤ ላዩን አሳምሮ ውስጡን ለቄስ ማለት የዚህ ሙያ ግማሽ ነው። መቀመጫውን ቀስ ብሎ መልሶ አኖረው። ይህ ወንበር ላይ የነበረው ልጅ ምን ሆኖ ይሆን የሚለው ሐሳብ ግን እስከ መኪናው ተከተለው።

ትልቁ ሱቅ ሲደርስ ሰባት ሰዓት አልፏል። በስፌት ቤቱ የማያውቀው ዝምታ ነበረበት፤ ወለሉ ያንጸባርቃል፣ መቀመጫዎቹ በመደርደሪያ ላይ እንደ ትንንሽ ዙፋን ተሰልፈዋል። ሻጯ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ የራሷን ልጆች አሳድጋ የጨረሰች የምትመስል ሴት ናት። እሱ በቀጥታ ወፍራም ልብስ ወደ ለበሰው፣ ድርብ ስፌት ወዳለው ሄዶ ሲዳብስ አየችውና፣ ልስላሴውን አይመልከቱ፣ ቀበቶው የሚያልፍበትን ይመልከቱ አለችው። ቀበቶ ለትልቅ ሰው የተሠራ ነው፤ ወንበሩ ልጅን ከፍ አድርጎ ለቀበቶው የሚያመቻች እንጂ ለምቾት ብቻ አይደለም። መደገፊያ የሌለውም አለ፣ ይረክሳል። ግን ልጅ መኪና ውስጥ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ራሱ ወደ ጎን ይወድቃል፤ ስለዚህ ጀርባና የራስ መደገፊያ ያለውን ይውሰዱ አለች። ሚሊሜትር አንድ በአንድ ተቀበላት። በሥራ የሚቀድመውን ሰው ማወቅ ይችላል።

«ኪሎዋ ስንት ነው?» አለችው።

የልደቷን ቀን ያውቃል፣ የምትጠላውን ምግብ ያውቃል፣ ስትዋሽ የትኛውን ጆሮዋን እንደምታክ ያውቃል። ኪሎዋን አያውቅም። «ተሸክሜያት አውቃለሁ» አለ በመጨረሻ፤ «አንድ ጥቅል ቆዳ ታክላለች። አሥራ ስድስት ኪሎ።» ሻጯ ቁመቷንስ ስትለው እጁን ዘርግቶ ከሱሪ ቀበቶው ትንሽ ከፍ አድርጎ አቆመ። ሳያስብ ነው ያቆመው፤ እጁ ቦታውን ያውቀዋል፤ እዚያ ላይ ፀጉሯ መዳፉን ይነካው ነበር። ሻጯ እጁን አየች፣ ከዚያ ፊቱን አየች።

«ይሄ መቼ ነው?»

«ዓመት ከሁለት ወር።»

«ጥቅል ቆዳ አያድግም፣ ጌታዬ» አለች፤ በክፋት አልነበረም። ልጅቷን ይዘው ቢመጡ ይሻል ነበር ስትለው «እሷን ለማምጣት ነው እኮ ወንበሩ ያስፈለገኝ» አላት፤ ሁለቱም ሳቁ፤ የእሱ ሳቅ ቶሎ አለቀ። እናቷ ጋ ይደውሉ አለችው። ያ ግን የማይሆን ነገር ነበር። ገዝቻለሁ ብሏል። ደግሞስ አባት የልጁን ቁመት ከሰው ይጠይቃል? የሰው መኪና በዓይኑ የሚለካ ሰው የራሱን ልጅ እንዴት ያጣታል? በየእሁዱ አይቷት ነበር፤ ግን ስልክ ፊት እንጂ ቁመት አያሳይም። እሱ ያየው ፊቷ ስክሪኑን ሞልቶ ነው፣ ሁልጊዜም እንደሞላ ነው። አሁን ሱቁ መሃል ቆሞ እስካሁን የናፈቃት ልጅ አሁን ያለችው መሆኗን ራሱ መጠራጠር ጀመረ።

ሻጯ የመረጠችለት ግራጫ መቀመጫ ከአሥራ አምስት እስከ ሠላሳ ስድስት ኪሎ የሚሆን፣ የራስ መደገፊያው እርከን በእርከን ከፍና ዝቅ የሚል ነው። ዋጋውን ሲሰማ ምራቁን ዋጠ፤ የአንድ መኪና ወንበር ሙሉውን ሰፍቶ የሚያገኘው ነው። ከመክፈልዎ በፊት መኪናው ውስጥ እንየው ብላ አብራው ወጣች። የራስ መደገፊያውን እሱ ራሱ አስተካከለው፤ የትከሻዋ ቦታ ይሄ ነው ብሎ በእጁ ለክቶ፣ በእርግጠኝነት፣ ቀጭ አድርጎ ቆለፈው። ሻጯ የኋላውን በር ከፍታ መቀመጫውን አስገባችና የትከሻውን ቀበቶ ስባ ወደ ታች ወሰደችው። መሰኪያውን ፈለገች። ቆዳውን በመዳፏ ዳበሰች፣ በሌላው በኩል ዳበሰች።

«ቀበቶው የሚሰካበት የታል?»

ሚሊሜትር ያን ጊዜ አስታወሰ። የኋላውን ወንበር ከሦስት ዓመት በፊት ራሱ ነው ያለበሰው፤ ቡናማ ቆዳ፣ አንድ ወጥ፣ ያለ አንድ መገጣጠሚያ፣ ለደንበኛ ሁሉ እየከፈተ የሚያሳየው ሥራው። ደንበኛ ንጹሕ ወንበር ነው የሚወደው። መሰኪያዎቹ እንደ ቋጠሮ ብቅ ብቅ ሲሉ ያስጠሉታል፤ ከኋላ ደግሞ ማን ቀበቶ ያስራል? ስለዚህ ወደ ታች አጥፎ ከልብሱ ሥር መቅበር የተለመደ ነው። ጋሼ እንደዚያ አስተምሮታል፣ እሱም ለስንቱ እንደዚያ ሲሠራ ኖሯል። ጉዳዩን ለሻጯ ሲነግራት መቀመጫውን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችለት። ከኪሱ ምላጩን አወጣ፣ ተንበረከከ፣ ከቆዳው ሥር የመሰኪያውን ቦታ በጣቱ አግኝቶ ሰነጠቀው። ያለ መገጣጠሚያ የተሠራ ነገር ስለሆነ በስፌቱ የሚፈታ አልነበረም፤ መቅደድ ነበረበት። ስፖንጁ ወጣ፣ ከሥሩ አቧራ የጠገበ መሰኪያ ቀና አለ። ያ ሥራው እጁ ላይ ሲቀደድ ይቆጨኛል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ የተሰማው ግን ኀፍረት ነው። እዚያው እንደተንበረከከ ለጋሼ ደወለ። «አሁን የምታለብሳትን የነጯን መኪና መሰኪያዎች እንዳትቀብራቸው» አለው። ጋሼ ባለቤቱ ይቆጣል ሲለው «ይቆጣ፤ ልጆች አሉት» ብሎ ዘጋ።

ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ላይ ልጅቷ የምትኖርበት ሕንጻ በር ላይ ቆመ። ሦስት ሆነው ወረዱ። እናቷ ቦርሳ ይዛለች፤ ቦርሳው ውስጥ ቅያሪ ልብስ፣ ውሃና አንድ ሹራብ አለ፣ ሰባት ቀን ለሚቆይ ሰው የተዘጋጀ ይመስላል። ነርሷ እጇን አጣምራ ከኋላ ቆመች። ልጅቷ በመሃላቸው ነበረች። ወደ እሱ ሮጠች፤ እሱም እንደ ለመደው ወገቡን ሰበር አድርጎ ሊያነሳት ሲያጎነብስ ግንባሯ አገጩን መታው። አላጠፋችም፣ እሱ ነው የሳተው፤ አጭር ሆና ነበር የጠበቃት። አቅፎ አነሳት። ጥቅል ቆዳ አልነበረችም። ፀጉሯ የማያውቀው ቅባት ይሸታል። «ሚጣዬ» አላት፤ ሌላ ቃል አልመጣለትም።

በሩን ከፈተላት። ልጅቷ ግራጫውን መቀመጫ አየችና ወጣችበት፣ ተቀመጠች፣ ጀርባዋን አስደገፈች። የራስ መደገፊያው ከትከሻዋ ጋር ሊስተካከል ምንም አልቀረውም። ጎንና ጎን ያሉት ክንፎች ራሷን መያዝ ሲገባቸው አንገቷን ነው የያዟት። ወደ ፊት ጎንበስ አለች፤ ዞራ መቀመጫውን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ይሄ የትንሽ ልጅ ነው» አለች። ከዚያ ለመጠየቅ ያህል፣ ሳትቆጣ፣ «አባዬ፣ ሌላ ልጅ አለህ?»

እናቷ የቦርሳውን ዚፕ ዘጋች፣ መልሳ ከፈተች። ነርሷ ዓይኗን ወደ መንገዱ አዞረች። ሚሊሜትር የበሩን ጫፍ ይዞ ቆመ። ሌላ ልጅ እንዳለው እሱ ራሱ አሁን ገና ነው ያወቀው፤ ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ በልቡ የያዛት፣ መዳፉ ሥር የምትቆም፣ አልጋ የገዛላት፣ ወንበር የለካላት ትንሽ ልጅ ነበረችው። እሷ የለችም። ይቺኛዋ እሱ ሳይኖር መጥታ ተቀምጣለች፣ አድጋለች፣ እግሮቿ ረዝመዋል፣ መልስ እየጠበቀችም ነው።

«የለኝም» አላት። «አንቺን ነው የለካሁት። ድሮ እንደነበርሽ ነው የለካሁት።»

«አሁን እኮ ትልቅ ነኝ።»

«አየሁ።»

ያኔ ነርሷ ወደ በሩ ቀረበች። ዓይኗ ከመቀመጫው ወርዶ የተቀደደው ቆዳና ብቅ ያለው ስፖንጅ ላይ ቆመ። ያን ወንበር ታውቀዋለች፤ የሠራው ሰሞን ለእሷም ከፍቶ አሳይቷታል፣ ያኔ ዘመድ ነበሩ። ምን ሆኖ ነው አለችው። «መሰኪያው ከሥር ነበር፣ እትዬ» አላት። ጠዋት ምን እንዳለች ያስታወሰች ይመስላል፤ በስልኩ እንደሰማት ግን አታውቅም፣ እሱም ሊነግራት አላሰበም። ድንገተኛ ክፍል ነው የምትሠራው፤ በእንዲህ ያለ ከሰዓት የሚመጡ ልጆችን የምትቀበለው እሷ ናት። «አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ናት» አለች፤ «ቁመቷ አንድ ሜትር ከአሥራ ሁለት። ባለፈው ሰኞ ነው የለካኋት።» ይቅርታ ቢሆን ከዚህ የተሻለ አይሆንም ነበር። ልጅቷ እንደተቀመጠች እሱ ከጀርባዋ ያለውን ማንሻ ይዞ የራስ መደገፊያውን ወደ ላይ ሳበው። አንድ እርከን ቀጭ አለ። አልበቃም። ሁለት። ልጅቷ እየሳቀች አንገቷን አሰገገች፣ እንደዚያ አታድርጊ አላት፣ በልክሽ ተቀመጪ። ሦስተኛው ላይ ክንፎቹ ጆሮዋን ግራና ቀኝ ያዙ። ሦስት እርከን፤ አንዱንም ሲያልፍ አላየውም።

ነርሷ ቀበቶውን ራሷ አሳለፈችው። የታችኛውን ከሆዷ አውርዳ ጭኗ ላይ አስተኛችው፣ የላይኛው ከአንገቷ ርቆ በትከሻዋ መሃል መውረዱን በጣቷ አየች፣ ከዚያ አንዴ ሳብ አድርጋ ለቀቀች። ጥሩ ነው አለች። የመኪናውን ጣሪያ መታ መታ አድርጋ ወደ ኋላ ሄደች። እናቷ ቦርሳውን ስትሰጠው ጣቶቻቸው ሳይነካኩ ማንጠልጠያውን ተቀባበሉ፤ አሥራ ሁለት ሰዓት አለችው፣ አሥራ ሁለት አላት። ከዚያ «ካልሲዋ ይጠባታል፤ ብታወልቅ ተዋት» አለች። ለዓመት ከሁለት ወር ስለ ልጃቸው እንዲህ ያለ ነገር ነግራው አታውቅም።

መንገድ ከገቡ በኋላ ልጅቷ እንደ ድሮው ጭንህ ላይ ልቀመጥና መሪ ልያዝ አለችው። ግቢ ውስጥ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጭኑ ላይ ሆና መሪውን ስታሽከረክር አፏ የሞተር ድምፅ ያወጣ ነበር፤ እሱም ሌላ ከተማ ሆኖ ከሁሉ የናፈቀው ያንን ነው። ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነቃ በሐሳቡ አጠገቡ ነበረች። አሁን ግን በትክክል በተገጠመላት ወንበር ምክንያት ከኋላው ናት፤ ከፊቱ ባለችው መስታወት የሚታየው ግንባሯና የፀጉሯ መሃል ብቻ ነው። «አይሆንም፣ ሚጣዬ» አላት። «ሚጣ አትበለኝ» አለች። እሺ አለ፣ ምን ልበልሽ አለ። አስባ እነግርሃለሁ አለችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

ቀይ መብራት ላይ ቆሙ። ሚሊሜትር ፍሬኑን እንደረገጠ ቀኝ እጁን ወደ ኋላ ላከ፣ ሳይዞር፣ በሁለቱ ወንበሮች መሃል። እጁ አየር ላይ ጥቂት ቆየ። ከዚያ አንድ ጫማ መጥቶ መዳፉ ላይ አረፈ። አልያዘችውም፣ አልተናገረችም፤ እግሯን ብቻ አስቀመጠችለት። አውራ ጣቱን ተረከዟ ላይ አድርጎ የመሃል ጣቱን ወደ ጫፏ ዘረጋ። በፊት ሲለካት ጣቱ አልፎ ይሄድ ነበር፤ አሁን ጣቱ ከጫማው ጫፍ ጋር እኩል ቆመ። ስንዝር ሞልታለች። እንደገና ለካት፤ ያው ነው። ዓይኑን የሞላውን ነገር የሚጠርግበት እጅ አልነበረውም፣ አንዱ መሪው ላይ፣ አንዱ እሷ ጋ ነው።

«አባዬ» አለች ከኋላ፣ «አረንጓዴ በርቷል።»

ከኋላ ያለው መኪና ጡሩንባውን ነፋ። ሚሊሜትር ጫማውን ቀስ ብሎ ለቀቀና ነዳ።